ሴት ልጆችን ትምህርት ቤት የሚያቆይ የሰፈር ማኅበር እንዴት ይቋቋማል?

ይህ መመሪያ ቢሮም በጀትም ለሌላችሁ ሴቶች ነው። በሰፈራችሁ ያሉ ልጃገረዶች ሰባተኛ፣ ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ አንድ በአንድ ከትምህርት ቤት ሲጠፉ አይታችሁ ይሆናል። «ዝም ብለን ማየት የለብንም» ብላችሁም ይሆናል። እንግዲያው ሥራውን መጀመር ትችላላችሁ። ዲግሪ ያላት ሰብሳቢ አያስፈልግም። ደብተር፣ እስክሪብቶና ቃላቸውን የሚጠብቁ ጥቂት ሴቶች ይበቃሉ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ማኅበራችሁ በመፈክር አይጀምር። በስም በምታውቋቸው ልጆች ይጀምር። «የእትዬ እከሊት ልጅ ዘንድሮ ተመዝግባለች ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልስ አለው፤ ወይ ተመዝግባለች ወይ አልተመዘገበችም። «የሴቶች ተሳትፎ አድጓል ወይ?» የሚለውን ግን ማንም እንዳሻው ይመልሰዋል። ማርች 8 ላይ ደምቀው ታይተው ሚያዝያ ላይ የጠፉ ስብስቦችን ሁላችንም እናውቃለን። አብዛኞቹ የጎደላቸው ቅንነት አልነበረም። በየወሩ የሚጠየቁበት ተጨባጭ ነገር ነው ያልነበራቸው።

አንደኛ፦ ያለውን ስብስብ መነሻ አድርጉ

ሴቶች አስቀድመው የሚገናኙበት ቦታ በየሰፈሩ አለ። የሴቶች እድር፣ እቁብ፣ የማርያም ማኅበር፣ የመስጊድ ጀመዓ፣ ጠዋት ጠዋት ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች። እዚያ መተማመን አለ። ገንዘብ ማን ጋ ቢቀመጥ እንደማይጠፋ ይታወቃል። የማን ባል እንደሚቆጣ፣ የማን ልጅ እንደተቸገረች ይታወቃል። ይህን ዕውቀት በየትኛውም ሥልጠና አታገኙትም።

እድሩን ራሱን ግን አትንኩት። እድር ለሐዘን የቆመ ነው፤ ገንዘቡም ለዚያው ነው። ከአባላቱ ፈቃደኞቹን ብቻ ይዛችሁ በጎን አዲስ ስብስብ መሥርቱ። ከ15 እስከ 20 ሴት በቂ ነው። የራስ አገዝ ቡድኖች ብዙ ጊዜ በዚህ ልክ የሚዋቀሩት በምክንያት ነው። ሰው ሲበዛ የሚናገሩት አራት አምስት ሴቶች ይሆናሉ፤ ሌላው ይሰማና ይሄዳል። ብዙ ሴት ከመጣች ሁለት ቡድን አድርጉት።

ስትሰባሰቡ ማን እንደቀረች ተመልከቱ። ጠላ የምትሸጠዋ፣ እንጨት የምትለቅመዋ፣ ሸክላ የምትሠራዋ፣ ቤት ተከራይታ ብቻዋን ልጅ የምታሳድገዋ ተጠርታለች ወይ? ልጃቸው ትምህርት የማቋረጥ አደጋ ያለባት እናቶች አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ናቸው። እነሱ የሌሉበት ማኅበር የደህና ሰዎች ማኅበር ሆኖ ይቀራል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ አንድ ሁለት ወጣት ሴቶችም ይግቡ። ጽሕፈቱን ይይዛሉ፤ ታናናሾቻቸውም እነሱን ያያሉ።

ሁለተኛ፦ ቀኑን ለሴቶቹ ሥራ አስማሙት

የገበያ ቀን ስብሰባ አትጥሩ። ገጠር ከሆናችሁ የወሩ በዓላት ይረዷችኋል። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ ብዙ አካባቢ እርሻ ስለማይነካ የማሳው ሥራ ይቆማል። ሙስሊሞች በሚበዙበት ሰፈር ጁምዓ ከሰላት በኋላ ይመቻል። ከተማ ላይ እሑድ ከሰዓት ይሻላል። አንዴ ከወሰናችሁ ቀኑን አትለዋውጡት። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይም አትቀመጡ፤ ቤት የሚጠብቅ እሳት አለ።

ሕፃናቱን በተራ የምትይዝ ሴት መድቡ። ድግስ ደግሞ አታስለምዱ። ቡናና ቆሎ ይበቃል። ዛሬ አንዷ ዳቦና ለስላሳ ካቀረበች በሚቀጥለው ወር ተራ የሚደርሳት ድሃዋ ሴት ተሳቅቃ ትቀራለች። ቀርታም ምክንያቱን አትነግራችሁም።

ሦስተኛ፦ የስም ዝርዝሩን አዘጋጁ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ሥራ ይህ ነው። ጊዜው ነሐሴ ነው፤ ምዝገባው ከማለቁ በፊት። ሰፈሩን ተከፋፈሉትና ሁለት ሁለት ሆናችሁ ከቤት ወደ ቤት ሂዱ። በመጀመሪያው ቀን ደብተር ይዛችሁ አትግቡ። ደብተር የያዘ እንግዳ ሲገባ ሰው ግብር ወይም ክስ ይመስለዋል። ቡና ጠጡ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቁ፣ ቤት ስትመለሱ ጻፉ።

የምትጽፉት የልጅቱን ስም፣ ዕድሜዋን፣ የደረሰችበትን ክፍልና ከማን ጋር እንደምትኖር ነው። ዕድሜዋ በምን እንደሚረጋገጥም ጻፉ። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌላት የክትባት ካርድ ወይም የክርስትና ቀን ሊኖር ይችላል። ይህች መስመር ኋላ ላይ፣ የጋብቻ ወሬ ሲመጣ፣ ትልቅ ጥቅም አላት። ቀጥላችሁ ዓምና ብዙ ቀን ቀርታ እንደሆነና ለምን እንደቀረች መዝግቡ። «ትምህርት ጠልታ ነው» የሚል መልስ ከሰማችሁ አትቀበሉት። እንደገና ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ ከኋላው ሌላ ነገር አለ፦ ደብተር የለም፣ ውኃ ሩቅ ነው፣ እናት ታማለች፣ የወር አበባ ጀምራለች፣ መንገድ ላይ የሚያስፈራራት ጎረምሳ አለ።

በሰው ቤት የሚሠሩትን ልጆች እንዳትዘሉ። ከተማ ውስጥ ከሁሉም የተደበቁት እነሱ ናቸው። ከገጠር መጥተው «የእህቴ ልጅ ናት» እየተባሉ በሥራ የሚውሉ አሉ። በ1998 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» የተሰኘው ፕሮግራም ለእነዚህ ልጆች የደረሰው በማስታወቂያ አልነበረም። ሴት አስተባባሪዎች በር እያንኳኩ ከአሠሪዎቹ ጋር ተነጋግረው ነው ልጆቹን ያወጧቸው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። አሠሪዋን በክስ ሳይሆን በልመና ጀምሯት፦ «እትዬ፣ ይህችን ልጅ በማታው ፈረቃ ብናስመዘግባትስ? ምዝገባውን እኛ እንጨርሳለን»። ብዙዎች እሺ ይላሉ። እምቢ ያለችዋን ሌላ ጎረቤት ታነጋግራት።

ዝርዝሩ የማኅበሩ ምሥጢር ነው። አንድ ሰው ይያዘው። ፎቶ አንሥታችሁ በቴሌግራም አትላኩት።

አራተኛ፦ መጀመሪያ ሰው የጠየቃችሁን ሥሩ

እዚህ ላይ የቦጋለች ገብሬን ታሪክ ማንሣት አለብኝ። ቦጋለች ከምባታ ውስጥ ተወለደች። ውኃ ልቀዳ ነው እያለች ተደብቃ ነበር ትምህርት ቤት የምትሄደው። በኋላ ውጭ አገር ተምራ ወደ ትውልድ ቦታዋ ተመለሰችና ከእህቷ ከፍቅርቴ ጋር በ1989 ዓ.ም. አካባቢ ከምባቲ ሜንቲ ጌዝማ የተባለውን ድርጅት መሠረተች። ስለ ሴት ልጅ ግርዛት መናገር ነበር የፈለገችው። ሕዝቡ ግን መጀመሪያ የነገራት ስለ ድልድይ ነው። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ አልነበረም። ድልድዩን አሠራች። ከዚያ በኋላ ሰው አዳመጣት። ሽማግሌዎች፣ እናቶችና ወጣቶች በአንድነት ተቀምጠው የሚወያዩበት ልማድ ተጀመረ። በዓመታት ውስጥ ግርዛት ከሞላ ጎደል በሁሉም ቤት ይፈጸምበት በነበረው አካባቢ እጅግ ቀነሰ። ለዚህ ሥራዋ የቤልጂየሙን የንጉሥ ቦድዋን ሽልማት አግኝታለች። በ2012 ዓ.ም. ዐረፈች።

ድልድይ ሥሩ ማለቴ አይደለም። ቤት ለቤት ስትሄዱ ሰው ደጋግሞ የሚያነሣላችሁ አንድ ነገር ይኖራል። የተበላሸ የቦኖ ውኃ፣ በር የሌለው የትምህርት ቤት መጸዳጃ፣ ማታ ጨለማ የሆነ መንገድ ሊሆን ይችላል። ከአቅማችሁ የሚመጥነውን አንዱን መርጣችሁ ቀድማችሁ አስጨርሱ። ለቀበሌው ማመልከቻ ጽፎ በየሳምንቱ መጠየቅም ሥራ ነው። «ሴቶቹ ያሉትን አደረጉ» የሚል ስም ካገኛችሁ በኋላ ስለ ጋብቻ ዕድሜ ስትናገሩ ሰው ጆሮ ይሰጣል።

ወንዶቹንም በዚሁ ጊዜ ያዙ። ቄሱን፣ ሼሁን፣ የእድሩን ዳኛ በየቤታቸው ሄዳችሁ አነጋግሩ። ስብሰባ ጠርቶ በሰው ፊት ማሳመን ከባድ ነው። ሽማግሌ በሰው ፊት የተናገረውን አይመልስም። ቤቱ ሄዳችሁ ብታማክሩት ግን ሐሳቡ የራሱ ይሆናል። የነፍስ አባት ለንስሐ ልጁ «ልጅህን አስተምራት» ካለው ቃሉ ከኛ ብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

አምስተኛ፦ የዓመቱን አደገኛ ወራት እወቁ

ልጃገረዶች በሁሉም ወር እኩል አይጠፉም። የሚጠፉበት ጊዜ አለው።

መስከረም የደብተር ወር ነው። አንድ ልጅ ያለ ደብተርና ያለ ዩኒፎርም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካለፏት በዚያው ልትቀር ትችላለች። ኅዳርና ታኅሣሥ የአዝመራ ጊዜ ነው፤ ልጆች ለአጨዳና ለቤት ጥበቃ ይቀራሉ። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ያለው የሠርግ ወራት ነው። እዚህ ላይ ንቁ። ግንቦትና ሰኔ የፈተና ጊዜ ነው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የምትፈተን ልጅ ቤት ውስጥ ሥራ ከበዛባት ትወድቃለች። ከወደቀች ደግሞ «በቃ፣ ትምህርት አልሆነላትም» ትባላለች።

ስለዚህ ሥራችሁን በዚህ አሰልፉት። በመስከረም ደብተር። በኅዳር ከመምህራኑ ጋር ሆናችሁ የቀሪዎችን ስም በየሳምንቱ መቀበል። በጥር ሠርግን መከታተል። ከሚያዝያ ጀምሮ ማጠናከሪያ ትምህርት። ለማጠናከሪያው የሰፈሩን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም ጡረታ የወጣ መምህር ለምኑ። ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ቅድሚያ ስጡ። ጀሪካኑን ደግሞ በፈተናው ሰሞን ወንድሞቻቸው ይሸከሙ። ይህን እያንዳንዷ አባል በገዛ ቤቷ ትጀምረው። ወንድ ልጇን ውኃ ያላስቀዳች እናት ለጎረቤቷ ስለ እኩልነት ብትናገር የሚሰማት የለም።

ደብተር ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ ላይ «ብርሃነ ሄዋን» የሚባል ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። ልጃገረዶቹ በቡድን ይሰባሰባሉ፣ የትምህርት ቁሳቁስ ይሰጣቸዋል፣ በፕሮግራሙ ጊዜ ልጃቸውን ሳይድሩ የቆዩ ቤተሰቦች ደግሞ በግ ወይም ፍየል ያገኛሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ ጋር ሲነጻጸር ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆነ። የመዳር ዕድላቸው አንድ አሥረኛ ገደማ ወረደ። ከ15 ዓመት በላይ ባሉት ላይ ግን ይህ ውጤት አልታየም። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ልጅቱ አሥር ዓመት ሲሞላት ጀምሩ፤ አሥራ አምስት እስኪሞላት አትጠብቁ። ሁለተኛው፣ ትልልቆቹ ከደብተር ሌላ ነገር ይፈልጋሉ። በኋላ በተደረገ ተመሳሳይ ሙከራ ከ15 እስከ 17 ዓመት ላሉት በዓመት ሁለት ዶሮ መስጠት ጋብቻን አዘግይቷል። ገቢ ያላት ልጅ በቤቷ ውስጥ ድምፅ ታገኛለች።

ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየቀበሌው የለም። የገጠር ልጆች ወረዳ ከተማ ቤት ይከራያሉ። ቅዳሜ ወላጆቻቸው ጋ ሄደው እሑድ ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። ብቻዋን የተከራየች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ምን ያህል እንደምትሰጋ ማሰብ አያቅትም። ሦስት አራት ሆነው አንድ ቤት እንዲከራዩ አድርጉ። ቤቱን ሁለት አባላት ሄደው ይዩት፦ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ? መጸዳጃው የት ነው? አከራዩዋ ማን ናት? እዚያው ከተማ ውስጥ የአደራ እናት ፈልጉላቸው። ዘመድ ወይም የማኅበራችሁ አባል እህት ልትሆን ትችላለች። ሲያማቸው፣ ስንቅ ሲያልቅባቸው፣ ሰው ሲያስቸግራቸው የሚሮጡባት ሴት ትኑራቸው።

ወሎ፣ አርሲ፣ ጅማና መሰል አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የደላላን ነገር አትርሱ። ስምንተኛን የወደቀች ልጅ ወደ ዓረብ አገር የሚወስዳት ሰው በፍጥነት ያገኛታል። 18 ዓመት ያልሞላትን ልጅ በሕጋዊ መንገድ ለሥራ ወደ ውጭ መላክ አይቻልም። ይህን ለእናቶች ንገሩ። ከተመለሱት ሴቶች አንዷ ፈቃደኛ ከሆነች ለልጆቹ ያየችውን ትንገራቸው። ግን አታስገድዷት።

ስድስተኛ፦ የጋብቻ ወሬ ሲሰማ

ሕጉን በአጭሩ እወቁ። በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ መዳር ትችል ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለወንድም ለሴትም 18 አደረገው። ለዚህ ለውጥ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ብዙ ታግሏል። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የክልላችሁን ከፍትሕ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 መሠረት ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅን ማግባት ወንጀል ነው። ልጅቱ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል።

ሕጉን በእጃችሁ ያዙት እንጂ በመጀመሪያው ቀን አትምዘዙት። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እመክራለሁ።

መጀመሪያ ልጅቱን ራሷን አነጋግሩ፤ ብቻዋን። የምታምናት ወጣት አባል ትሂድ። ምን ትፈልጋለች? ማን ያስፈራታል? ቀጥሎ እናቷን። እናት ብዙ ጊዜ በልቧ አትፈልገውም፤ እምቢ የምትልበት ምክንያት ግን ያጥራታል። ምክንያቱን እናንተ ስጧት፦ «ማኅበሩ ትምህርቷን ይዞታል፣ መምህሩ ተስፋ ጥሎባታል»። ከዚያ አባትን፣ ግን በሚያከብረው ሰው በኩል። አባቶች ከክፋት ብቻ አይድሩም። «ልጄ ብትደፈርስ? ሳትዳር ብትቀርስ? ለልጆቼ መሬት የለኝም» የሚል ፍርሃት አለባቸው። ፍርሃቱን ሰምታችሁ መልሱ። «ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብቻዋን አትሄድም፣ ከእነ እከሊት ጋር ትመጣለች» የሚል ተጨባጭ ቃል ከሕግ አንቀጽ በፊት ይሠራል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ወሬው በጥቅምትና በኅዳር፣ ገና ሽማግሌ ሲላክ መያዝ አለበት። ጥሎሽ ከመጣና ጠላ ከተጠመቀ በኋላ ወደኋላ መመለስ ቤተሰቡን በሰው ፊት ማዋረድ ስለሚሆን ይከብዳል። ሠርጉ በሌላ ስም እንደሚደበቅም እወቁ። ተዝካር ነው፣ ክርስትና ነው፣ ማኅበር ነው ይባላል። የታላቂቱ ሠርግ በሚደገስበት ቀን ታናሺቱም አብራ የምትዳርበት ጊዜ አለ።

ምክር ካልሠራ ወደ ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርና ወደ ወረዳው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ዕድሜዋ ካከራከረ በጤና ተቋም እንዲመረመር መጠየቅ ይቻላል፤ ያን ጊዜ በነሐሴ የጻፋችሁት የክትባት ካርድ ይፈለጋል። ፖሊስ የግድ ከሆነም አትፍሩ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ጥቆማው ከልጅቱ እንደመጣ ማንም እንዳይሰማ። ማመልከቻው በማኅበሩ ስም ይሁን። ሠርጉ ከቀረ በኋላም ልጅቱን አትተዉአት። ቤት ውስጥ ኩርፊያ ይጠብቃታል። በየሳምንቱ የምታያት ሴት መድቡላት።

ጾታዊ ጥቃት ከደረሰ ደግሞ ሽምግልና ቦታ የለውም። ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም፣ ከዚያ ወደ ፖሊስ። ልብሷን እንዳታጥብ፣ ገላዋንም እንዳትታጠብ ንገሯት። በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ የሚሰጥ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ስላለ አትዘግዩ።

ሰባተኛ፦ የወር አበባን ነገር በግልጽ አንሡ

ብዙ ልጃገረድ በወር ሦስት አራት ቀን የምትቀረው በዚህ ነው፤ ለመምህሩ ግን ራሴን አሞኝ ነው ትላለች። መቐለ ላይ ፋብሪካ ያቋቋመችው ፍረወይኒ መብራህቱ ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግል የወር አበባ መጠበቂያ ሠርታ፣ ልጃገረዶችን ትምህርት ቤት በማቆየቷ በ2012 ዓ.ም. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላለች። ታጥቦ የሚያገለግል መጠበቂያ ከገበያ መግዛት ካልቻላችሁ ከንጹሕ የጥጥ አንሶላ መስፋት ይቻላል። ደርበው ይሰፉታል፤ ከታች በኩል ውኃ የማያሳልፍ ለስላሳ ጨርቅ ይገባበታል፤ ከውስጥ ሱሪ ጋር በቁልፍ ይያያዛል። በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት። ልጆች አፍረው ፍራሽ ሥር ያደርቁታል፤ እርጥበቱ ያሳምማቸዋል። ገመድ ላይ ስስ ነጠላ ሸፈን አድርገው ቢያሰጡት ይሻላል።

ከሴት መምህርት ጋር ተነጋግራችሁ አንድ ካርቶን ትምህርት ቤት ይቀመጥ። መጠበቂያ፣ ሳሙናና ትርፍ ቀሚስ ይኑርበት። መጸዳጃው ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ይኑረው።

ስምንተኛ፦ እናቶችን ፊደል አስቆጥሩ

ልጇን ለማስተማር የምትታገል እናት ራሷ ስታነብ ትግሏ ይለወጣል። ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት አለው። አመቻች መምህርና መጽሐፍ ጠይቁ። «ተማሪ ካመጣችሁ እንሰጣለን» ይሏችኋል፤ እናንተ ተማሪ አላችሁ።

በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በርካታ እናቶችን ፊደል አስቆጥሯል። ከነሱ ብዙዎቹ ግን የሚያነቡት ነገር አጥተው ረሱት። ስለዚህ ከፊደል ገበታው ጎን ለጎን የዕለት ንባብ ስጧቸው። የራሳቸው ስም፣ የልጃቸው የክትባት ካርድ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የባንክ ደብተር። በአማራ ክልል በይዞታ ማረጋገጫው ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶ አብሮ ይለጠፋል። እናቶች ደብተሩን ይዘው ይምጡ፤ ስማቸውና የመሬቱ ስፋት የት እንደተጻፈ በጣታቸው ያሳዩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴት በመሬት አጠቃቀምና አስተዳደር ከወንድ እኩል መብት እንዳላት ይላል። ይህን አንቀጽ ጮክ ብለው በተራ ያንብቡት። የኔ እምነት፣ ስለ እኩልነት ከሚሰጥ ንግግር ሁሉ የራስን ስም በራስ ደብተር ላይ ማንበብ ይበልጣል።

ስልክም የንባብ መጽሐፍ ነው። ብዙ እናት የቴሌብር ምሥጢር ቁጥሯን ለባለ ሱቁ ነግራ ነው ገንዘብ የምታወጣው። መልእክቱን ራሷ አንብባ ቁጥሯን ራሷ እስክትነካ ድረስ አለማምዷት።

ዘጠነኛ፦ ገንዘቡን ግልጽ አድርጉ

መዋጮው ድሃዋ የምትችለው ይሁን። 20 ሴቶች በወር 50 ብር ቢያዋጡ በዓመት 12,000 ብር ይሆናል። ብዙ ደብተር ነው። ገንዘቡን ባንክ አስገቡ፤ ያለ ሦስት ፊርማ እንዳይወጣ አድርጉ። ባንክ ሩቅ ከሆነ ሦስት ቁልፍ ያለው ሣጥን ይሠራ። ቁልፎቹ በሦስት ሴቶች እጅ፣ ሣጥኑ በአራተኛዋ ቤት ይሁን። በየስብሰባው መጀመሪያ ሒሳቡ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ማንበብ የማትችለዋ ሴትም በቃሏ ታስታውሰዋለች።

ከዲሲ፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ እህት ወይም ልጅ «ልርዳችሁ» ካለች ደስ ብሏችሁ ተቀበሉ። ገንዘቡ ግን በማኅበሩ ሒሳብ ይግባ፤ በአንዲት ሴት ስም አይላክ። ለምን እንደዋለ ደረሰኝ ላኩላት። የልጆቹን ፎቶ ግን አትላኩ። ልጅቱ ነገ ተምራ ዶክተር ትሆናለች፤ የተለመነባት ፎቶ በሰው ስልክ ላይ ሊቀር አይገባም።

ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ በየዓመቱ ይቀያየሩ። ጎበዝ ናት ብላችሁ አንዷን አሥር ዓመት አታስቀምጡ።

አሥረኛ፦ ምዝገባ

እድር፣ እቁብና መሰል ባህላዊ ስብስቦች በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ አይገዙም። እናንተም በዚያ መልክ ለጊዜው መሥራት ትችላላችሁ። ቀበሌው እንዲያውቃችሁ ደብዳቤ ማስገባት ግን ጥሩ ነው። ከውጭ ድርጅት ድጋፍ ለመቀበል ወይም ሠራተኛ ለመቅጠር ስትፈልጉ ሕጋዊ ሰውነት ያስፈልጋችኋል።

ከዚህ ቀደም ይህ ፈታኝ ነበር። በ2001 የወጣው አዋጅ 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች እኩልነት ላይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። የሴት የሕግ ባለሙያዎቹን ማኅበር ጨምሮ ብዙዎች ተዳክመው ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ 1113 ያንን ገደብ አነሣ። አሁን ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ድርጅት መመሥረት ይችላሉ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ያላችሁ፣ ወይም ከአንድ በላይ ክልል የምትሠሩ፣ ወደ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ትሄዳላችሁ። በአንድ ክልል ብቻ የምትሠሩ በክልላችሁ ሕግ ትመዘገባላችሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት መተዳደሪያ ደንባችሁን፣ የመሥራቾች ስብሰባ ቃለ ጉባኤን ከነፊርማው፣ የመሥራቾቹን መታወቂያ ኮፒና የማኅበሩን አድራሻ አዘጋጁ። ደንቡን ከሌላ ድርጅት ገልብጣችሁ አታምጡ። ሁሉም አባል በሚገባው አማርኛ፣ ወይም በአካባቢያችሁ ቋንቋ፣ ራሳችሁ ጻፉት። መፈረም የማትችል አባል ካለች ፊደል እስክትለይ ጠብቋትና በስሟ ትፈርም።